ሰማይን ማን መዘነው?

ጊዜው ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነበር። ዕለቱ እሑድ ሲሆን እኔም እንደ ልማዴ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ወርጄ አጎቴ ዘንድ ቡና በመጠጣት ላይ ነበርኩ። አጎቴ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በቅቤና በቡና ንግድ ነው። ዛሬ ንግዱን ትተውታል። ባለ ሁለት ሳህኑ የናስ ሚዛናቸው ግን እስከ አሁን ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ አልወረደም።

ሬድዮው ዜና ያሰማል። ሁለት የሞቱ ከዋክብት በሩቅ ሰማይ ተላትመው መታየታቸውን፣ ወርቅና ፕላቲነምን የመሳሰሉ ከባድ ንጥረ ነገሮችም የሚፈጠሩት በእንዲህ ያለው ግጭት መሆኑን ሊቃውንት መናገራቸውን ገለጸ። አጎቴ ድምፁን ቀነሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ጋዜጠኝነት ተምሬአለሁ ትል የለ? እስቲ ንገረኝ፤ ይህን ወርቅ ማን መዘነው?»

«አልተመዘነም ጋሼ። ብርሃኑን አይተው ነው ያወቁት።»

«ካልተመዘነማ ወሬ ነዋ!» አሉና ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ሳቅሁ እንጂ መልስ አልነበረኝም። ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ከረመ። ሰማይን በእውነት የመዘነ ሰው አለን? ካለስ በምን ሚዛን? ይህን ስከታተል የደረስኩበት ታሪክ ከጠበቅሁት ይልቅ ለእኛ የቀረበ ሆኖ አገኘሁት። ውድ አንባቢያን፣ እነሆ። ዓመቶቹ የእኛ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአምቦ መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል 2,360 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ1900 አካባቢ የአዲስ አበባ የማገዶ እንጨት እያለቀ ሲሄድ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ ዋና ከተማ ሊያደርጓት አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ኋላ ግን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ በቀለና አዲስ አበባን አተረፋት። እዚህ የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ ዓለም በማገዶ ሒሳብ ተወልዳ በባሕር ዛፍ ሒሳብ ዋና ከተማነቷን ያጣች ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ከፍታዋንና አቀማመጧን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሰማዩ። ነሐሴ 7 ቀን 1912 ቪክቶር ሄስ የተባለ ኦስትሪያዊ የፊዚክስ ሊቅ ሦስት የጨረር መለኪያዎች ይዞ በፊኛ ወደ ሰማይ ወጣ። የደረሰበት ከፍታ 5,300 ሜትር ያህል ነው። በዚያን ዘመን ጨረር ሁሉ ከመሬት ውስጥ ካሉ ድንጋዮች እንደሚወጣ ይታመን ስለ ነበር፣ ሰው ከመሬት በራቀ ቁጥር መለኪያው መቀነስ ነበረበት። የሄስ መለኪያዎች ግን እየጨመሩ ሄዱ። ስለዚህ ከላይ፣ ከጠፈር የሚወርድ ነገር አለ ማለት ነው። «የኅዋ ጨረር» የሚባለው ነገር ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሄስም በ1936 የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት።

ጨረሩ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ለሃያ ዓመታት ሊቃውንቱን አጨቃጨቀ። ገሚሶቹ እንደ ብርሃን ያለ ነገር ነው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ናቸው አሉ። ዳኛ ሆና የቀረበችው እኛው የምንረግጣት ምድር ነበረች። ምድር ትልቅ ማግኔት ናት። ብርሃን በማግኔት አይጎብጥም፤ ሙል ያለው ቅንጣት ግን ይጎብጣል። ከ1927 ጀምሮ ያኮብ ክላይ የተባለ ሆላንዳዊ በጃቫና በሆላንድ መካከል በመርከብ ሲመላለስ፣ ጨረሩ ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡ እንደሚቀንስ ተመለከተ። የምድር ማግኔት በወገቧ ዙሪያ ደካሞቹን ቅንጣቶች እየመለሰ ያባርራቸዋል፤ እዚያ ሰብሮ የሚገባው ኃይለኛው ብቻ ነው።

በ1930 ብሩኖ ሮሲ የሚባል የ25 ዓመት ጣልያናዊ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ቅንጣቶቹ ሙል ካላቸው፣ አለ፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚመጣው መጠን እኩል ሊሆን አይችልም። ሙሉ አዎንታዊ ከሆነ ከምዕራብ የሚመጣው ይበዛል፤ አሉታዊ ከሆነ ደግሞ ከምሥራቅ ይበዛል። በፍሎሬንስ ሞከረው፤ ልዩነቱን አላገኘውም። አገሩ ከምድር ወገብ ሩቅ ነዋ! የሚያስፈልገው ለማግኔታዊው ወገብ የቀረበ፣ አየሩም ብዙ እንዳይከልል ከፍ ያለ ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የት ይገኛል? የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ሁለቱንም አሟልቶ የያዘ ነው።

ስለዚህ በ1933 ሮሲ ሰርጆ ደ ቤኔዴቲ ከሚባል ባልደረባው ጋር መሣሪያውን ጭኖ አስመራ ገባ። ኤርትራ በዚያን ጊዜ የጣልያን ቅኝ ግዛት ነበረች። የመለኩበት ቦታ ከፍታ 2,370 ሜትር ነበር፤ ከአዲስ ዓለም ጋር ሲነጻጸር ቢበዛ የአሥር ሜትር ያህል ልዩነት ነው። የጋይገር ቱቦዎቹን በሰልፍ ደርድረው፣ ቅንጣት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲያልፍባቸው ብቻ እንዲቆጥሩ አደረጓቸው። ቱቦዎቹ አንዴ ወደ ምዕራብ፣ አንዴ ወደ ምሥራቅ ይዞራሉ። ከምዕራብ የሚመጣው በሩብ ያህል በለጠ። ቅንጣቶቹ አዎንታዊ ሙል ያላቸው ናቸው ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ በዚያው ዓመት አሜሪካኖቹ ሜክሲኮ ከተማ ላይ ለክተው ተመሳሳይ ውጤት ቀድመው አውጥተዋል። ሮሲም በዚህ ማዘኑ አልቀረም።

አስመራ ግን ያላሰበውን አንድ ነገር ጨመረችለት። ተራርቀው የተቀመጡ ቱቦዎች አልፎ አልፎ በአንድ ቅጽበት ሲጮሁ አየ። እንደ ዝናብ ሰፍቶ የሚወርድ የቅንጣቶች መዓት እንዳለ ጠረጠረና ጽፎ አለፈ። ኋላ በ1938 ፈረንሳዊው ፒየር ኦዤ በሰፊው አጥንቶት ስሙ የተነሣበት ነገር ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሮሲ ሰማይ ይለካባት የነበረችው አስመራ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የጦር ሰፈር ሆነች። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የጄኔራል ዴ ቦኖ ጦር መረብን የተሻገረው ከዚያው ተነሥቶ ነው። አውሮፕላኑና የመርዝ ጋዙም ተከተለ። ሮሲ በዚህ እጅ ነበረበት ማለቴ አይደለም፤ አልነበረበትም። ነገር ግን ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ሒሳብ ያወራርዳል። ፋሺስቱ መንግሥት በ1937 በምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ጣልያናዊ ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር የሚከለክል የዘር ሕግ አወጣ። በዓመቱ፣ በ1938፣ የዘር ሕጉ ወደ ራሷ ወደ ጣልያን ተሻገረና አይሁዶችን ከሥራና ከትምህርት ቤት አባረረ። ሮሲ አይሁዳዊ ነበር። ራሱ አስቦ ካሠራው ከፓዱቫ የፊዚክስ ተቋም ተባርሮ፣ በኮፐንሀገንና በማንቸስተር በኩል አሜሪካ ገባ። በእኛ ላይ የተሞከረው በትር ዞሮ ለባለ ሚዛኑም ደረሰው።

ሚዛን ያልኩት ገና ነው፤ እስካሁን የተናገርነው ቆጠራ ነው። ምዘናው የተጀመረው በ1948 ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲዎቹ ፊሊስ ፍሪየር፣ ኤድዋርድ ሎፍግረን፣ ኤድዋርድ ኔይና ፍራንክ ኦፐንሃይመር፣ ከሮቼስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ ከሄልሙት ብራትና ከበርናርድ ፒተርስ ጋር ሆነው ወፍራም የፎቶግራፍ ልባጭ በፊኛ ወደ ሰማይ ላኩ። ልባጩን አጥበው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ከቀጫጭኖቹ መስመሮች መካከል ወፋፍራም፣ ጠጉር የበቀለባቸው የሚመስሉ ዱካዎች አገኙ። ከሰማይ የሚወርደው የሃይድሮጅን እምብርት ብቻ አይደለም። የካርቦን፣ የኦክሲጅን፣ የብረትም የአቶም እምብርት በመካከሉ አለ።

ከዱካ ክብደት እንዴት ይታወቃል? የክረምቱን የአዲስ ዓለም ገበያ መንገድ ያየ ሰው ይህ አይቸግረውም። ጭቃው ላይ ባዶ እጁን ያለፈ ሰውና ጤፍ የተጫነች አህያ የሚተዉት ኮቴ አንድ አይደለም። ያለፈውን ባታይም ከኮቴው ጥልቀት ትገምተዋለህ። የእምብርቱም ኮቴ እንዲሁ ነው፤ ሕጉ ግን የጠነከረ ነው። ፍጥነታቸው እኩል ከሆነ፣ የዱካው ብርታት የሚያድገው በእምብርቱ ሙል ስኩዌር ልክ ነው። የሃይድሮጅን ሙል 1 ስለሆነ ዱካውም 1 ነው። የብረት ሙል 26 ነው፤ 26 በ26 ሲባዛ 676። የእርሳስ ሙል 82 ነው፤ ዱካው የሃይድሮጅንን 6,724 እጥፍ ይሆናል። ተፈጥሮ ለእያንዳንዱ እንግዳ የማይሰረዝ ማኅተም ሰጥታዋለች።

ችግሩ ብዛቱ ነው። ከሚመጡት መቶ እምብርቶች 87 ያህሉ ሃይድሮጅን፣ 12 ያህሉ ሂሊየም ናቸው። ከዚያ በላይ ያሉት ንጥረ ነገሮች ሁሉ ተደምረው አንድ ቢሆኑ ነው። ብረት ከዚያች ከአንዷ ውስጥ ድርሻ አለው። ፕላቲነምና እርሳስን የመሰሉት ግን፣ ብረት አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሲመጣ እነሱ አንድ ወይም ጥቂት ጊዜ ቢመጡ ነው። ደግሞም ከባድ እምብርት አየር ላይ ሲደርስ እንደ ሸክላ ይሰባበራል። አዲስ ዓለም ቆሞ ቢጠብቁት ፍርፋሪው እንጂ እሱ አይደርስም። መሣሪያው ከአየሩ በላይ መውጣት፣ ወጥቶም ብዙ ዘመን መቀመጥ አለበት።

ለዚህ ሲባል የተደረገውን ሁሉ ዘርዝሮ መጨረስ ያዳግታል። በ1960ዎቹ የብሪስቶሉ ፒተር ፋውለር ሰፋፊ ልባጮችን በፊኛ እያወጣ ከብረት እጅግ የከበዱ እምብርቶችን ዱካ አገኘ። በዚያው ዘመን ፍላይሸር፣ ፕራይስና ዎከር የተባሉ አሜሪካውያን ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች ውስጥ፣ ቅንጣቶቹ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ያሰመሩትን ጠባሳ አነበቡ። ድንጋዩ ራሱ ሚዛን ሆኖ ሲጠብቃቸው ነበር። በ1979 ኤሪየል 6 የተባለችው የእንግሊዝ ሳተላይትና ሄኦ 3 የተባለችው የአሜሪካ ሳተላይት ቆጠራውን ወደ ጠፈር ወሰዱት። ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ ደግሞ ሱፐር ታይገር የተባለ መሣሪያ በግዙፍ ፊኛ ተንጠልጥሎ አንታርክቲካ ላይ ለ55 ቀናት ዞረ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ ግን የአየርላንዶች ሥራ ነው። የደብሊን የከፍተኛ ጥናት ተቋም ሰዎች የላኩት መሣሪያ፣ ቀለል አድርገን ስንናገር፣ የላስቲክ ቁልል ነው። ከባድ እምብርት ጠንካራ ላስቲክ ውስጥ ሲያልፍ መንገዱን ያቆስላል። ኋላ ላስቲኩ እናቶቻችን ለሳሙና በሚያውቁት በኮስቲክ ሶዳ ሲነከር የቆሰለው መንገድ ቶሎ ይበላና የሾጠጠ ቀዳዳ ይሆናል። የቀዳዳው ቅርጽ የእንግዳውን ማንነት ይናገራል። ሳተላይቱ በሚያዝያ 1984 ሲመጥቅ ለአንድ ዓመት ያህል ይቆያል ተብሎ ነበር። በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ሰባት ሰዎች እንደያዘች ስትፈነዳ የሚያወርደው ጠፋ። የወረደው በጥር 1990 ነው። አደጋው ለብዙዎች ሐዘን ሲሆን፣ ላስቲኩ ግን ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቆጠረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የዩራኒየምና የቅርብ ዘመዶቹ ሆነው የተገኙት እምብርቶች 35 ናቸው። በስድስት ዓመት ሠላሳ አምስት! ትንሽ አገር፣ በላስቲክና በትዕግሥት፣ ከማንም የበለጠ ቆጠራ ይዛ ተገኘች።

እነዚህ እንግዶች ከየት እንደመጡ በመንገዳቸው አይታወቅም። በከዋክብት መካከል ያለው ማግኔታዊ ኃይል እያጎበጠ፣ እያዞረ፣ አቅጣጫቸውን ሁሉ አጥፍቶባቸዋል። ከምዕራብ የመጣው የምዕራብ ሰው አይደለም። የሚታወቁት በክብደታቸው ነው። ለምሳሌ ሊቲየም፣ ቤሪሊየምና ቦሮን በፀሐይና በፕላኔቶቿ ዘንድ እጅግ ብርቅ ናቸው። በኅዋ ጨረር ውስጥ ግን በአንጻር ሲታይ በመቶ ሺህ እጥፍ ይበዛሉ። እነዚህ ካርቦንና ኦክሲጅን በመንገድ ላይ ከጋዝ ጋር ተላትመው ሲሰበሩ የተፈጠሩ ስብርባሪዎች ናቸው። ከስብርባሪው ብዛት የተጓዙበት ርቀት ይሰላል። ቤሪሊየም 10 ደግሞ በ1.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ግማሹ የሚጠፋ ሰዓት ነው። ከቀረው ተነሥተው ሲያሰሉ፣ ጨረሩ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት 15 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲንከራተት እንደኖረ ደረሱበት።

በ2016 ደግሞ ኤስ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ17 ዓመት ቆጠራ ብረት 60 የተባለ የብረት ዓይነት ማግኘቷ ተነገረ፤ 15 ብቻ! ይህ ብረት በ2.6 ሚሊዮን ዓመት ግማሹ ስለሚጠፋ፣ የፈነዳው ኮከብ በጊዜም በቦታም ቅርባችን ነበር ማለት ነው። አሥራ አምስት ቅንጣት ይህን ያህል ታሪክ ይናገራል።

ስለ ስደት ካነሣን መዛኞቹም እንግዶቻቸውን ይመስላሉ። ሄስ ናዚዎች ኦስትሪያን በያዙበት በ1938 ከሥራው ተባርሮ አሜሪካ ተሰደደ። የሮሲን አይተናል። በርናርድ ፒተርስ በወጣትነቱ ዳካው በተባለው የናዚ እስር ቤት ታስሮ ያመለጠ ሰው ነው። አሜሪካ ገብቶ ከባድ እምብርቶችን ካገኘ በኋላ፣ በ1949 ኮሙኒስት ነህ ተብሎ ተከሰሰና ወደ ቦምቤይ፣ ኋላም ወደ ዴንማርክ ሄደ። ፍራንክ ኦፐንሃይመርም በዚያው ዓመት በዚያው ምክንያት ከሚኒሶታ ለቆ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ለዓመታት ከብት ሲያረባ ቆየ። ዱካቸው በድንበርና በኬላ ተቆራርጧል። እኛም ብንሆን በደርግ ዘመንና ከዚያም ወዲህ ስንት መዛኝ በየአገሩ እንደበተንን እናውቃለን።

ታዲያ የእኛስ ድርሻ? ማግኔታዊው የምድር ወገብ የሚያልፈው በአዲስ አበባ አቅራቢያ ነው። ከጁላይ 1957 ጀምሮ በተከበረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን አባ ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት ለዚህ ነው። በዚያ የተጀመረው የማግኔት ልኬት፣ ሮሲን አስመራ ያመጣውን ያንኑ ኃይል የሚከታተል ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበር በ2004 ተቋቋመ፤ እንጦጦ ላይም እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። በታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና መጠቀች። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ሆኖም የደብሊኖቹን ላስቲክ ሳስብ፣ ያጠረን ገንዘብ ብቻ ነው የሚለው ምክንያት አይዋጥልኝም። ከፍታው የእኛ ነው። ማግኔቱም ከራሳችን በላይ ያልፋል። አንድ ሥራ ጀምሮ ስድስት ዓመት፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሳያቋርጡ መቁጠር፣ ሹም በተለወጠ ቁጥር መዝገቡን አለመዝጋት ግን ገንዘብ ብቻውን የሚገዛው ነገር አይደለም።

ይህን ሁሉ ይዤ አዲስ ዓለም ተመለስኩ። አጎቴ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ወርቁን በተመለከተ እውነቱን ነገርኳቸው። ወርቅ 79፣ ፕላቲነም 78 ስለሆኑ ኮቴያቸውን መለየት ከባድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠሩት የፕላቲነም ወገን፣ የእርሳስ ወገን እየተባለ በጅምላ ነው። የከዋክብቱ ግጭትም የታየው በብርሃኑ ነው። ስለዚህ የጥርጣሬዎ ግማሹ ትክክል ነበር አልኳቸው።

«ጅምላማ እኔም መዝኛለሁ፤» አሉ ፈገግ ብለው። «ሠላሳ አምስት ፍሬ በስድስት ዓመት... እነዚህስ ነጋዴ አይደሉም፤ መናኞች ናቸው።»

ከዚያ ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን የናስ ሚዛን ሲያዩ ቆዩና፣ ጨዋታው አልቋል ስል እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ።

«ያ አስመራ የመጣው ጣልያን፣ ዕቃውን ኮረብታው ላይ ያወጣለት የማን ልጅ ነው? እሱስ ምን እንደሚመዘን ነግረውት ይሆን?»